መሬቱ ደክሟል ወይ? የኡሱቱ ደን ዛፎች ቁመትና ዕድሜ የሰጡት ምስክርነት

ከ2018 ወዲህ ኢስዋቲኒ በምትባለው በስዋዚላንድ ምዕራባዊ ደጋማ ክፍል ኡሱቱ የሚባል ሰው ሠራሽ ደን ይገኛል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቀድሞ ሣር ብቻ ይበቅልበት የነበረው ይህ ኮረብታማ መሬት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በችግኝ እየተሸፈነ ሄዶ ወደ 62,000 ሄክታር የሚጠጋ ደን ሆኗል። ዋናው ዛፍ ትውልድ ስፍራው ሜክሲኮ የሆነው፣ ረጃጅም መርፌ ቅጠሎቹ ወደ ታች የሚዘናፈሉት ፓይነስ ፓቱላ ነበር። ዛፉ የሚመረተው ለወረቀት ጥሬ ዕቃ ነበርና ሳይሳሳ (ከመካከሉ ዛፍ እየተቀነሰ ሳይወጣ) እና ማዳበሪያ ሳያገኝ ያድግ ነበር፤ ዕድሜው ከ15 እስከ 17 ዓመት ሲደርስም በሰፊ ቦታ ላይ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቆርጦ ግንዱ ይወሰድ ነበር። ቀጣዩ የዝናብ ወቅት ሲጀምር እዚያው መሬት ላይ ያው ዛፍ እንደገና ይተከል ነበር።

ይህ አሠራር ከባድ ጥያቄ ያስነሳል። ከአንድ መሬት ላይ አንድ ዓይነት ዛፍ በየአሥራ አምስት ዓመቱ እየቆረጡ መውሰድ መሬቱን አያደክመውም ወይ? ሁለተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው ያድጋል? ሦስተኛውስ? ዛፎቹን አይቶ መመለስ የሚቻል ይመስላል፤ ነገር ግን ዛሬ የቆመውን ዛፍ ከሃያ ዓመት በፊት ተቆርጦ ከሄደው ጋር ጎን ለጎን አቁሞ ማየት አይቻልም። የቀድሞው ዛፍ የለም፤ ከእርሱ የቀረ ነገር ቢኖር በመዝገብ ላይ የሰፈረ ቁጥር ነው። እንግዲህ የዚህ ጉዳይ ፍሬ ነገር መሬትን በዛፍ አማካይነት መለካት እንዴት ይቻላል፣ ልኬቱስ የመሬቱን ጉልበት ከሌላው ነገር ሁሉ ለይቶ እንዲናገር ምን ምን መሟላት አለበት የሚለው ነው። ለእኔ የኡሱቱ ታሪክ ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ ቁመትና ዕድሜ ምን ያህል እንደሚናገሩ ብቻ ሳይሆን የት ላይ ዝም እንደሚሉም ያሳያል።

ስጋቱ የመነጨው ከሌላ አህጉር ነው። በደቡብ አውስትራሊያ ግዛት አሸዋማ መሬቶች ላይ የተተከለው ፓይነስ ራዲያታ የተባለው የፓቱላ ዘመድ ሁለተኛ ዙር ላይ ሲደርስ ምርቱ በአማካይ 30 በመቶ ያህል መቀነሱ በ1960ዎቹ አጋማሽ ይፋ ሆነ። ተክሎ፣ ቆርጦ፣ መልሶ መትከልን መሠረት ላደረገ የደን ልማት ከዚህ የከፋ ዜና አልነበረም፤ አንድ ዙር ላይ ሲሶ የሚጠጋ ምርት ከጠፋ ሦስተኛውና አራተኛው ዙር ላይ ምን ሊቀር ነው? ብሪታንያዊው የደን ተመራማሪ ጁሊያን ኢቫንስ በ1968 በኡሱቱ የረጅም ጊዜ የምርታማነት ጥናት የጀመረው በቀጥታ በዚህ ዜና ምክንያት ነበር። ኡሱቱ ለዚህ የተመቸ ነበር፤ ዙሩ አጭር በመሆኑ አንድ ተመራማሪ በሥራ ዘመኑ ከሁለት በላይ ትውልድ ዛፍ ማየት ይችላል፤ ለመቶ ዓመት በሚቆይ ደን ላይ ይህ የማይታሰብ ነው።

ለምን ቁመት?

አንድ መሬት ስንት እንጨት ይሰጣል ለሚለው ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ በሄክታር የሚገኘው ሜትር ኪዩብ ነው። ይሁን እንጂ ሜትር ኪዩብ የመሬቱን ብቻ ሳይሆን የሰውን ሥራም አብሮ ይለካል። ችግኙ በምን ያህል ርቀት ተተከለ፣ ስንቱ ጸደቀ፣ ስንቱን እሳት ወይም ነፋስ ጎዳው፣ ደኑ ሳስቷል ወይስ አልሳሳም የሚሉት ሁሉ መጠኑን ይለዋውጡታል። የግንድ ውፍረትም እንዲሁ ነው፤ ሰፊ ቦታ ያገኘ ዛፍ ይወፍራል፣ የተጨናነቀ ይቀጥናል። ቁመት ግን ለመሬቱ የበለጠ ታማኝ ነው። ዕድሜያቸው እኩል ከሆኑ ዛፎች መካከል አናታቸውን ከሌሎቹ በላይ አውጥተው ብርሃን እንደ ልብ የሚያገኙትን ብንወስድ፣ የአተካከሉ ርቀት እጅግ ጠባብ ወይም እጅግ ሰፊ እስካልሆነ ድረስ፣ ቁመታቸው በብዛታቸው ምክንያት ብዙም አይለወጥም። ጀርመናዊው አይሕሆርን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በባደን ደኖች ላይ እንዳሳየው ደግሞ የአንድ ዛፍ ዓይነት ደን አማካይ ቁመቱ ከታወቀ፣ መሬቱ ለምም ሆነ ደካማ፣ የቆመው የእንጨት መጠን በተቀራራቢ ሁኔታ ይታወቃል፤ ለሙ መሬት እዚያ ቁመት ላይ ቶሎ ይደርሳል፣ ደካማው ይዘገያል እንጂ።

ከዚህ አስተሳሰብ የመጣው መለኪያ በባለሙያዎች ዘንድ ሳይት ኢንዴክስ ይባላል። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ በአንድ ቦታ ላይ የበላይ የሆኑት ዛፎች በአንድ የተወሰነ መነሻ ዕድሜ ላይ የሚደርሱበት ቁመት ነው። የመነሻ ዕድሜው 20 ዓመት ቢሆንና የበላዮቹ ዛፎች በዚያ ዕድሜ 26 ሜትር ቢደርሱ የቦታው ሳይት ኢንዴክስ 26 ነው። ዛፎቹ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ወይም ያለፋቸው እንደሆነ ደግሞ ቁመታቸው፣ ቁመት ከዕድሜ ጋር እንዴት እንደሚጨምር በሚያሳየው የዕድገት መስመር ላይ ተመርቶ ወደ መነሻው ዕድሜ ይመጣል።

ችግር የሚፈጠረው በዚህ መስመር ላይ ነው። የዕድገት መስመሩ ከአንድ አማካይ ቅርጽ ተነሥቶ ለለሙ መሬት ከፍ፣ ለደካማው ዝቅ እየተደረገ ብቻ ከተሠራ፣ የሁሉም መሬት ዛፍ በአንድ ዓይነት አካሄድ ያድጋል የሚል ግምት ውስጡ ተቀብሯል። እውነታው ከዚህ ይለያል። በጥልቅ አፈር ላይ የቆመና በስስ አፈር ላይ የቆመ ዛፍ በስድስት ዓመታቸው እኩል ቁመት ኖሯቸው በአሥራ አራት ዓመታቸው በሜትሮች ሊራራቁ ይችላሉ፤ አንዱ ሥሩ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ይዘገያልና። ከአንድ ዙር ዛፎች የተሠራ መስመር ለሌላ ዙር ዛፎች ሲውል ደግሞ ልንመረምረው የፈለግነውን ለውጥ ራሱ መስመሩ ሊሸፍነው ይችላል።

በኡሱቱ የተደረገው ዋና ንጽጽር ከዚህ ወጥመድ የዳነው ቀላል በሆነ መንገድ ነው። ደኑን በሚያዳርሱ ቋሚ የናሙና ቦታዎች ላይ ሁለተኛው ዙር በ13 ወይም በ14 ዓመቱ ተለካ፤ ሦስተኛው ዙርም እዚያው ቦታ ላይ በዚያው ዕድሜ ተለካ። ቦታው ያው፣ ዕድሜው ያው ስለሆነ ቁመቱን ከአንድ ዕድሜ ወደ ሌላ የሚያሻግር መስመር አያስፈልግም፤ ሁለቱ ቁጥሮች በቀጥታ ይተያያሉ። ዕድሜው ለመቆረጥ ሁለትና ሦስት ዓመት ብቻ የቀረው በመሆኑም ልኬቱ የልጅነት ዕድገትን ሳይሆን የዙሩን ውጤት ያሳያል። በእኔ አስተያየት የጥናቱ ጥንካሬ ከየትኛውም የስታቲስቲክስ ስሌት ይልቅ ያረፈው በዚህ ላይ ነው። የናሙና ቦታዎቹ ምንም የተለየ እንክብካቤ አለማግኘታቸውም እንዲሁ ትልቅ ነገር ነው፤ ተራው የደን ሥራ ያደረሰባቸውን ብቻ ተቀብለው ነው ያደጉት፤ ከዙር ወደ ዙር ማዳበሪያም ሆነ ሌላ የማሻሻያ ሥራ አልተደረገላቸውም። ለናሙና ቦታ ሲሉ ዛፉን የሚንከባከቡ ሠራተኞች ባሉበት ደን የሚገኝ ቁጥር ስለ ደኑ አይናገርም።

ክሊኖሜትርና መዝገብ

ውጤቱ ላይ ከመድረሳችን በፊት ቁመት እንዴት እንደሚለካ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ በሁለት ዙሮች መካከል የሚፈለገው ልዩነት ጥቂት በመቶ ብቻ ሲሆን የአለካክ ስሕተትም ያንኑ ያህል ሊሆን ስለሚችል ነው። ለካዩ ከዛፉ 20 ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ማዕዘን በሚለካው መሣሪያ፣ በክሊኖሜትሩ፣ ወደ ዛፉ ጫፍ ሲያይ 35 ዲግሪ፣ ወደ ግርጌው ሲያይ 5 ዲግሪ ያነባል እንበል። የ35 ዲግሪ ታንጀንት 0.70 ስለሆነ ከዓይኑ በላይ ያለው 14.0 ሜትር ነው፤ የ5 ዲግሪ ታንጀንት 0.0875 ስለሆነ ከዓይኑ በታች ያለው 1.75 ሜትር ነው፤ ዛፉ በድምሩ 15.75 ሜትር ይሆናል። አሁን የላይኛውን ማዕዘን በአንድ ዲግሪ ብቻ ተሳስቶ 36 ብሎ ቢያነብ ቁመቱ ከግማሽ ሜትር በላይ ይጨምራል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነና የመለኪያ ገመዱ ከመሬቱ ጋር ተጋድሞ ከተዘረጋ ሌላ ስሕተት ይገባል፤ በ15 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 20 ሜትር የተዘረጋ ገመድ አግድም ርቀቱ 19.3 ሜትር ነው፤ ይህ ሳይታረም ከቀረ ቁመቱ ከ3 በመቶ በላይ ይጋነናል።

በተጠጋጋ የፓቱላ ደን ውስጥ ደግሞ ጫፉን ማየት ራሱ ፈተና ነው። ለካዩ አንገቱን አቅንቶ፣ በቅርንጫፎች መካከል ባለች ቀዳዳ የዛፉን አናት ያየ ሲመስለው ያየው ወደ እርሱ የዘነበለ ቅርንጫፍ ሊሆን ይችላል፤ ቅርንጫፉ ከጫፉ ይልቅ ለካዩ ዘንድ የቀረበ ስለሆነ ማዕዘኑ ከፍ ይላል፣ ቁመቱም አብሮ ይጋነናል። ሁለት ሰው ሆኖ አንዱ ግንዱን ሲነቀንቅ ሌላው የሚወዛወዘውን ጫፍ መለየት፣ ከሁለት አቅጣጫ መለካት፣ ተዳፋትን ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይሆን በአግድሙ ቆሞ ማየት የመሳሰሉት ልማዶች ከጥንቃቄ ብዛት የመጡ አይደሉም። እነዚህ ስሕተቶች በሁለቱም ዙሮች ላይ እኩል ቢደርሱ እርስ በርሳቸው ይጠፋፉ ነበር፤ በአሥራ ምናምን ዓመት ልዩነት፣ በተለያየ ሰው፣ አንዳንዴም በተለያየ መሣሪያ የሚሠራ ልኬት ግን እኩል ይሳሳታል ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ በአንድ ዛፍ ላይ መጨቃጨቅ ትርጉም የለውም፤ ሊታመን የሚችለው ከበርካታ ዛፎችና ከበርካታ የናሙና ቦታዎች የተገኘው አማካይ ብቻ ነው።

ዕድሜ ከቁመት ይልቅ የተረጋጋ ይመስላል፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን የከፋ ነው። 18 ሜትር የደረሰና በዓመት አንድ ሜትር የሚጨምር ዛፍ ብንወስድ የአንድ ዓመት የዕድሜ ስሕተት ከ5 በመቶ በላይ የቁመት ስሕተት ያመጣል፤ ይህም መሬቱ ደክሟል ወይም ተሻሽሏል ለማለት የሚበቃ ሐሰተኛ ልዩነት ነው። በዝናቡ መጀመሪያ የተተከለ ችግኝና በዝናቡ ማብቂያ የተተከለ ችግኝ በመዝገብ ላይ በአንድ ዓመት የተተከሉ ተብለው ቢጻፉም አንደኛው አንድ ሙሉ የዕድገት ወቅት ቀድሟል። በሞተ ችግኝ ምትክ በዓመቱ የተተከለውም ከበላዮቹ ዛፎች መካከል ተቆጥሮ ከገባ አማካዩን ይጎትታል። የተተከለ ደን ከተፈጥሮ ደን የሚሻልበት አንዱ ነገር የተከላው ቀን በመዝገብ መኖሩ ነው፤ በኡሱቱ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ሊነጻጸሩ የቻሉትም ይህ መዝገብ ስለነበረ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነበር። ጥናቱ ሲጀመር የመጀመሪያው ዙር ዛፎች ግማሹ ተቆርጠው፣ ግማሹም አድገው ስለነበር ዕድገታቸውን ከልጅነታቸው ጀምሮ የተከታተለ አልነበረም። መረጃው የተገኘው በሁለት ዘዴ ነው። አንደኛው ጎን ለጎን ባሉ ቦታዎች ላይ አንዱ ገና የመጀመሪያው ዙር፣ ሌላው ሁለተኛው ዙር የቆመበትን ጥንድ አድርጎ ማወዳደር ነው፤ የዚህ ዘዴ ድካም ሁለቱ ቦታዎች ከመሠረታቸው አንድ ዓይነት መሬት ናቸው ብሎ ማመንን መጠየቁ ነው። ሁለተኛው የግንድ ትንተና ነው። ዛፉ ይጣልና ግንዱ በየተወሰነ ርቀት እየተቆረጠ ከየከፍታው ስስ ክብ ቁራጭ ይወሰዳል፤ በየቁራጩ ላይ ያሉት የዕድገት ቀለበቶች ይቆጠራሉ። ዝናቡና ደረቁ ወቅት በግልጽ በሚፈራረቁበት አገር ፓቱላ በየዓመቱ ፈዛዛና ደማቅ ቀለም ያለው ቀለበት ይሠራል። የግርጌው ቁራጭ 14 ቀለበት፣ በ6 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ደግሞ 10 ቀለበት ቢኖረው ዛፉ 6 ሜትርን ያለፈው በአምስተኛው ዓመቱ ነው ማለት ነው።

እዚህም ላይ ግን የተደበቀ ነገር አለ። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ጫፉ የቆመው ልክ 6 ሜትር ላይ አይደለም፤ ከዚያ አልፎ ሄዷል፤ ምን ያህል እንዳለፈ ቁራጩ አይናገርም። መጋዙ የሚያርፈው ሁልጊዜ ከዚያ ዓመት ጫፍ በታች ስለሆነ፣ ማስተካከያ ካልተደረገ፣ በቀለበት የተገኘው ያለፈ ቁመት ዛፉ በእርግጥ ከነበረው ቁመት ያንሳል። ይህ ስሕተት ለንጽጽሩ የሚያስከትለውን ማሰብ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ዙር አጥሮ ከተገመተ፣ በክሊኖሜትር በቀጥታ የተለካው ሁለተኛው ዙር ያልወደቀ፣ እንዲያውም የተሻለ ሊመስል ይችላል። ኢቫንስም የመጀመሪያው ዙር መረጃ ከኋለኞቹ ያነሰ ትክክለኛነት እንዳለው በግልጽ አስቀምጧል፤ ዋናውን ክርክሩን ያቆመውም በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር ላይ ነው። ይህን ዓይነት ጨዋነት አከብራለሁ፤ ሦስቱንም ዙሮች በአንድ ሠንጠረዥ እኩል አሰልፎ ማቅረብ ይበልጥ ማራኪ ይሆን ነበርና።

ዛፎቹ የተናገሩት

አብዛኛው የኡሱቱ ደን የቆመው ግራናይትና ናይስ ከሚባሉ ድንጋዮች በተገኘ አፈር ላይ ነው። በዚህ አፈር ላይ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዙር መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም። ሦስተኛው ዙር ደግሞ በቁመት ከሁለተኛው በግልጽ በለጠ፤ በሄክታር ባለው የእንጨት መጠንም የመብለጥ አዝማሚያ አሳየ፤ ነገር ግን በእንጨት መጠኑ ላይ የታየው ልዩነት በስታቲስቲክስ መመዘኛ ለጥቂት ሳይረጋገጥ ቀረ። ሁለቱ ውጤቶች የተለያዩ መሆናቸው እንከን መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። የእንጨት መጠን በጸደቁት ዛፎች ብዛት፣ በውፍረትና በመሳሰለው ከቦታ ቦታ ስለሚዋዥቅ ያው ለውጥ በውስጡ ቢኖርም ለማየት ያስቸግራል፤ ቁመት ከዚህ ሁካታ የራቀ ስለሆነ አስቀድሞ ያየዋል። ከላይ ቁመት ለመሬቱ የበለጠ ታማኝ ነው የተባለው ነገር እዚህ ላይ በተግባር ታየ።

ከደኑ ስፋት 13 በመቶ ያህል የሆነው ክፍል ግን የተለየ ነገር ተናገረ። ይህ ክፍል ጋብሮ ከሚባል፣ ቀስ ብሎ ከሚፈራርስ ጥቁር ድንጋይ የተገኘና ፎስፌት (ዛፉ ፎስፈረስ የሚያገኝበት ውህድ) ያነሰው አፈር ነው። እዚህ ላይ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ዙር ዕድገቱ ወደቀ። ምክንያቱን ከአፈሩ ባሕርይ ጋር ማያያዝ አስቸጋሪ አይደለም። ናይትሮጅን ከአየር በልዩ ልዩ መንገድ ወደ አፈር ይመለሳል፤ የፎስፈረስ ዋና ምንጭ ግን ድንጋዩ ነው። ድንጋዩ ቀስ ብሎ የሚፈርስ ከሆነ ከግንዱ ጋር ተጭኖ የሄደውን በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሊተካ አይችልም፤ የመጀመሪያው ዙር ለዘመናት የተጠራቀመውን በላ፣ ሁለተኛው ጎድሎበት መጣ። ሆኖም ውድቀቱ ወደ ሦስተኛው ዙር አልቀጠለም፤ በጋብሮው ላይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር መካከል የሚጠቀስ ልዩነት አልነበረም።

ይህ 13 በመቶ ከጉዳዩ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምር ነው ብዬ አምናለሁ። ደኑ በአፈር ዓይነት ሳይለይ በአንድ አማካይ ቢጠቃለል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር በስሌት ማየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል በጋብሮው ላይ ያለው ዕድገት በ20 በመቶ ወድቆ የቀረው ደን ባለበት ቢቆይ፣ የጠቅላላው ደን አማካይ የሚወርደው በ2.6 በመቶ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ቀደም ሲል እንዳየነው አንድ ያልታረመ ተዳፋት ከሚያመጣው ስሕተት ያነሰ ነው። በዚህ ዓይነት ስምንት ሺህ ሄክታር የሚሆን መሬት ፎስፌት እየተራበ ሳለ አማካዩ ሁሉም ደኅና ነው ይል ነበር። ሳይት ኢንዴክስን ለሰፊ ደን በአንድ ቁጥር የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ስሌት በልቡ ቢይዝ መልካም ነው፤ ድካም የሚጀምረው ከጥግ ነው፣ ጥጉም አማካይ ውስጥ ይሰወራል።

ዝናቡና ዘሩ

ሦስተኛው ዙር በቁመት በለጠ ማለት መሬቱ ተሻሻለ ማለት ነው? ወዲያው አዎ ለማለት የሚከለክሉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ የሚገርመው ሁለቱ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ የሚጎትቱ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው ዘሩ ነው። ከሦስተኛው ዙር ዛፎች ጥቂቶቹ በምርጫ ከተሻሻለ ዘር የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም። የተሻለ ዘር በዚያው መሬት ላይ ረዘም ያለ ዛፍ ይሰጣልና፣ መሬቱ በጥቂቱ ደክሞ ቢሆን እንኳ የዘሩ ብልጫ ድካሙን ሸፍኖት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ዝናቡ ነው። 1980ዎቹ፣ በተለይም ከ1989 እስከ 1992 ያለው ጊዜ፣ ስዋዚላንድን ጨምሮ ደቡባዊ አፍሪካ በከባድ ድርቅ የተመታበት ነበር፤ ሦስተኛው ዙር ያደገው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ዝናቡ እንደ ወትሮው ቢሆን ኖሮ ሦስተኛው ዙር ከዚህም በላይ ይረዝም ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል።

ሁለቱን በሚዛን ላይ ስናስቀምጣቸው የድርቁ ክብደት ይበልጣል ባይ ነኝ። የዘሩ ማሻሻያ የነካው ከዛፎቹ የተወሰኑትን ብቻ ነበር፤ ድርቁ ግን ማንንም አልማረም። እንዲህም ሆኖ ቁመት በራሱ ሁለቱን ለይቶ አይነግረንም። የዛፍ ቁመት መሬቱን፣ ዝናቡን፣ ዘሩንና የተከላውን ሥራ በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ የሚያቀርብ ምስክር ነው፤ ስለ መሬቱ ብቻ እንዲናገር ከተፈለገ ሌሎቹ በሁለቱም ዙሮች እኩል መሆናቸው ወይም ልዩነታቸው መታወቁ ግድ ነው። ሳይት ኢንዴክስ የመሬቱ ቋሚ ባሕርይ ተደርጎ ሲጠቀስ የሚረሳው ይህ ነው። በማዕከላዊ አውሮፓ ከ1870 ጀምሮ ሲለኩ በቆዩ የናሙና ቦታዎች ላይ የስፕሩስና የቢች ዛፎች ዕድገት ከቀድሞው መፍጠኑ በ2014 ይፋ ሆኗል፤ እዚያም መሬቱ ያው ሆኖ በአያት ዘመን የተሠራው የዕድገት ሠንጠረዥ የዛሬውን ዛፍ አልገልጽ ብሏል።

የኡሱቱ መሬት በአብዛኛው ጉልበቱን ጠብቆ የቆየበት ምክንያትም በዛፍ ቁመት ላይ አልተጻፈም፤ ከአሠራሩ መፈለግ አለበት። በኡሱቱ የሚወሰደው ለወረቀት የሚሆነው ግንድ ነበር፤ ቅርንጫፉ፣ ጫፉና ቅጠሉ እዚያው ተበትኖ ይቀርና አዲሱ ችግኝ በመካከሉ ይተከል ነበር። ይህ ጭራሮ ለተካዩ መንገድ የሚዘጋ፣ ለዓይንም የማይማርክ ነው፤ ነገር ግን ከግንዱ ይልቅ ንጥረ ነገር የሚበዛው በቅጠልና በቀጭን ቅርንጫፍ ውስጥ ነውና ለመሬቱ የተተወለት ዋናው ድርሻ ነው። በደቡብ አውስትራሊያ የተፈጸመው የዚህ ተቃራኒ ነበር። የውድቀቱ መንሥኤ በኋላ ሲመረመር የተገኘው መሬቱ በአንድ ዛፍ መሰልቸቱ ሳይሆን በቆረጣና በመሬት ዝግጅት ጊዜ ብስባሽ የሚሆነው ተረፈ ምርት አለመጠበቁ፣ ከዚያም በሁለተኛው ዙር ሣርና አረም በብዛት ወርሮ ከችግኙ ጋር መሻማቱ ነው። ሁለቱ ሲታረሙና የተሻለ ዘር ሲታከልበት በዚያው መሬት ላይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ከመጀመሪያው በእጅጉ ተሽለው አድገዋል። እንግዲህ በ1960ዎቹ ዓለምን ያስደነገጠው ቁጥር ትክክለኛ ልኬት ነበር፤ የተሳሳተው ቁጥሩ የመሬቱን ዕጣ ይናገራል ብሎ የወሰደው ሰው ነው።

ከኡሱቱ ልኬት በኋላ ያለው ጥያቄ የጊዜ ነው። ሦስት ዙር ለሰው ረጅም፣ ለአፈር ግን አጭር ነው፤ ሦስቱም ተደምረው ከሃምሳ ዓመት ብዙም አያልፉም። በደኑ ከፍተኛና ቀዝቃዛ ክፍሎች የወደቀው መርፌ ቅጠል በቶሎ ሳይበሰብስ እየተደራረበ ወፍራም ምንጣፍ ይሠራል፤ በዚያ ውስጥ የታሰረው ንጥረ ነገር ለአፈሩ እንደ ቁጠባ ነው ወይስ ዛፉ እንደማይደርስበት የተቆለፈ ሳጥን የሚለውን የአንድና የሁለት ዙር ቁመት አይፈታውም። ለዚህ የሚያስፈልገው የናሙና ቦታዎቹን ጥግ የሚያመለክቱት ምልክቶች ከየቆረጣው በኋላ በጭራሮው ሥር ተፈልገው እንዲገኙና ልኬቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዕድሜ እንዲቀጥል ነው። በኡሱቱ ይህ ተደርጓል፤ አራተኛው ዙር ተተክሎ ገና በለጋነቱ ሲለካም ቁመቱ የመውደቅ ምልክት አላሳየም።